የመዳቡ ስለት

በዚያ ክረምት የሞባይል ኔትወርክ ከጠፋ ወራት አልፎት ነበር። እኔ በምኖርበት የደብረ ታቦር ጥግ የቀረው የቤት ስልክ ነው፤ እሱም ያለው በጣት ለሚቆጠሩ ቤቶች። የእኔን ሟቹ ባለቤቴ ነው ያስገባው። ልጄ ቁጥሩን የሸመደደው ፊደል ሳይቆጥር ነው። በቃሉ የሚያውቀው ሌላ ቁጥር የለም።

ልጄን ረግሜው ነበር። የአባቱ ተዝካር ሳይወጣ፣ ድንኳን በሚተከልበት ሳምንት፣ ወደ ሰሊጥ አገር ወረደ። በር ላይ ቆሜ «ጡቴ ይፋረድህ» አልኩት። ዞሮ አላየኝም። ዓመት ከመንፈቅ ድምፁን አልሰማሁም። በሐምሌ መጨረሻ ከቆላ የተመለሰ አንድ የእብናት ሰው መልእክቱን አደረሰኝ። «በቡሄ ጠዋት በቤት ስልክ እደውላለሁ። ትፍታኝ። ስልኩን ካላነሳችው ግን አልፈታችኝም ማለት ነው፤ ሁለተኛ አልደውልም» ብሏል።

ተመስገን አልኩ። ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ጾመ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሞተ። እጀታውን አነሳሁት፤ ዝም። በማግስቱም ዝም። ሄጄ ለስልክ ሠራተኛው ነገርኩት።

«እናቴ፣ ኬብሉን ቆርጠው ወስደውታል። ከእንጨት እስከ እንጨት ባዶ ነው።»

«መቼ ይቀጠላል?»

«ኬብል ሲመጣ።»

«መቼ ይመጣል?»

ሳቀ። «ለእሱስ እርስዎ ሱባኤ ቢይዙ ይሻላል።»

አላሳቀኝም። ዝናብ እየመታኝ ተመለስኩ። ያንን ሌባ በልቤ ያላልኩት ነገር የለም። ጾሜን በጥላቻ ጾምኩት።

ስለት ነበረብኝ። የቤተ ክርስቲያናችን የዕጣን ጽና ሰንሰለቱ ተበጥሶ በሲባጎ ታስሮ ነበር። የልጄን ድምፅ ካሰማኸኝ በመዳብ አሠራዋለሁ ብዬ ተስያለሁ። ስልኩ ሲሞት ስለቴን ማስቀደም ፈለግሁ፤ እግዚአብሔርን ለማጣደፍ መሆኑ ነው። አንጥረኛው «መዳቡን ያምጡና እሠራለሁ» አለኝ። የጽዋ ማኅበር እህቴ የሆነችው ጎረቤቴ ይህን ሰማች። ቅዳሜ ከጋቢዋ ሥር የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ።

«እታለም፣ ለስለትሽ ይሁን። እኔም ከበረከቱ ልካፈል።»

የመዳብ ሽቦ ነው። ጫፉ በእሳት ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። በእኛ ዘንድ ለታቦት የተሰጠ ነገር ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ሰጪውን መስደብ ነው። እጇን ስሜ ተቀበልኩ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ለአንጥረኛው አደረስኩ። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ማወቅ አልፈለግሁም።

ቡሄ አራት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። ሌባው እስኪወጣ ማንም ከቦታው አይነሳም፤ ወጉ ይህ ነው። ጤና ጣቢያው ስልኩ ስለተቆረጠ ምጥ የያዛት ሴት መኪና ሳይጠራላት በጭቃ በቃሬዛ ተወስዳለች። ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ነው የመጣው።

«አንጥረኛው ይናገር! መዳብ ሲያቀልጥ ታይቷል!» አለ አንዱ።

«እሳቱ ካለበት ሌባው አለ!»

አንጥረኛው ተነሳ። «የሰው አደራ ነው» አለ።

«የማን አደራ?»

«ባለቤቱ ከፈለገ ይናገር።»

«አደራ ይላል እንዴ! ሌባ አደራ ካወቀማ ጅብም ንስሐ አባት አለዋ!»

ሳቁበት። እኔን በጣቱ ቢያሳይ ይገላገል ነበር። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ። «አይቶ የደበቀ፣ ተቀብሎ የሸሸገ፣ በሥልጣነ ክህነቴ አውግዤዋለሁ» አሉ።

«ተቀብሎ» ያሉት ለእኔ ነው። ተነሳሁ።

«መዳቡን ያመጣሁለት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት «እርስዎ? ጠዋት ማታ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት?» አለች። ሌላው ተቀበላት፤ «መሳሙንማ ሌባም ይስማል!»

«ማን ሰጠዎት?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

ጎረቤቴን አየኋት። ባለቤቴ ሲሞት ቤቴን የያዘችው እሷ ናት። የተዝካሩን ጠላ የጠመቀችው እሷ ናት። ዓይኗ «ሞክሪና ታያለሽ!» ይለኛል።

«እሷ» አልኩ።

ብድግ አለች። «አንቺ ከሐዲ! እጄን ስመሽ አልተቀበልሽም?»

«ስሜያለሁ።»

«ያኔ አልሸተተሽም?»

«ሸትቶኛል።»

ከዚህ በኋላ የሰደበችኝን አልጽፈውም። ያስቆማት ባሏ ነው። አንገቱን ደፍቶ ተነሳና «ቀሪው ከጭዱ ሥር ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ በእሱ ላይ የሚገባውን ፈረዱ። ለእኔ ንስሐ አባቴ ስግደት አዘዙኝ። ሰንሰለቱን ግን ቄሱ አልተቀበሉትም፤ የተሰረቀ ነገር መቅደስ አይገባም አሉ። ጽናው ዛሬም በሲባጎ ነው።

የስልክ ሠራተኛው ከጭዱ ሥር የወጣውን ኬብል ሦስት ቀን ሲቀጥል ከረመ። የጤና ጣቢያው ስልክ ዳግም ሠራ። በቡሄ ዋዜማ ሠራተኛው አስጠራኝ። ከጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ካለው እንጨት ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ አለቀ። እርስዎ ቤት ለመድረስ ትንሽ ይጎድለዋል።»

የጎደለው በነጠላዬ ጠቅልዬ የወሰድኩት ያህል ነበር።

«የእርስዎን መስመር እዚህ ድረስ አውርጄልዎታለሁ። ስልክዎን አምጥተው ከዚህ ቢሰኩት ይሠራል» አለና መሰላሉን ይዞ ሄደ።

በቡሄ ጠዋት፣ ከየአቅጣጫው ጅራፍ ሲጮኽ፣ ስልኬን በዚያው ነጠላ ጠቅልዬ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ልጄ ይደውላል።»

ልትዘጋብኝ ትችል ነበር። ቆማ አየችኝ። «ከደጅ። ወደ ቤት አትገቢም» አለችና ከፈተችልኝ።

ስልኩን ሰክቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሙልሙሏን ከመሶብ ወደ ሰፌድ ትደረድራለች። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ስትወጣ ስልኩ ጮኸ።

«እማ?»

ድምፁ ጎርንኗል።

«እኔ ነኝ። ፈትቼሃለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«የአባዬ ተዝካር?» አለ።

«ወጥቷል።»

«ማን ረዳሽ?»

ጀርባዋን አየሁት። «ጎረቤታችን» አልኩት። «ያለ እሷ አልችለውም ነበር።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ሰላም በይልኝ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ጨረስኩ። ሰላም ብሎሻል።»

«በይ ስልክሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብያት ወጣሁ።

ያ የጎደለው ኬብል እስከ ዛሬ አልመጣም። እሑድ እሑድ ልጄ ሲደውል ከደጇ እቀመጣለሁ። ሰላምታ አንለዋወጥም፤ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። በሩን ግን ሳላንኳኳ ክፍት ሆኖ አገኘዋለሁ።