የመምህር ሎምባሞ አፍንጫ

እርጥብ ጠመኔ ሲሸተኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ሥዕል ሥራዬ ለልጆች እንዳወራ ጋብዞኝ ሄጄ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ገና ከመግባቴ አንዲት ተማሪ ሰሌዳውን በውሃ በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ያ ሽታ መጣ። ልጆቹ በጭብጨባ ሲቀበሉኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ሆሳዕና ነበርኩ፤ አምስተኛ ክፍል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ፊት ለፊቴ መምህር ሎምባሞ ጠመኔውን በሁለት ጣቱ ይዞ።

«ይዞ» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ፊት ለፊት ስንገናኝ እንዳደግኩበት ሥርዓት አንቱ እለው ነበር። በልቤና በብዕሬ ግን አንቱታውን ከነሣሁት ቆይቷል። ዕድሜውን ሳይሆን ሥራውን አይቼ ነው።

የሚያስተምረን ኤስቴቲክስ ነበር፤ የሥዕልና የሙዚቃ ትምህርት። በዚያን ጊዜ በእኛ ትምህርት ቤት ኤስቴቲክስ ማለት ወይ መዝሙር ነው፣ ወይ የሒሳብ መምህሩ የሚነጥቀው ክፍለ ጊዜ ነው። እሱ ግን ክፍለ ጊዜውን ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። የከምባታ ሰው ነው፣ ከዶዮገና፤ እሑድ እሑድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የማይጠፋ። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ በጋም ይሁን ክረምት ቡናማ ሹራብ ከላዩ የማይወርድ። አፍንጫው ከመሀሉ ወደ ግራ የታጠፈ ነበር፤ በወጣትነቱ ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ ያለ ሐኪም የዳነ ነው ይባላል። ይህን አፍንጫ ልብ በሉልኝ፤ እንጀራ የምበላው በእሱ ነው።

በብብቱ የካርቶን አቃፊ ይዞ ይገባል። ውስጡ ያሉት ሽፋኖች ናቸው፤ የውጭ አገር የኮሚክ መጽሔቶች ሽፋን። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ቄስ ትቶለት እንደሄደ ይወራ ነበር። የውስጥ ገጾቹ የት እንደገቡ አናውቅም፤ አይጥ በላቸው የሚሉ ነበሩ። እያንዳንዱን ሽፋን በላስቲክ ሸፍኖታል። ጭንብል ያጠለቀ ሰው ከፎቅ ሲወድቅ፣ ባቡር የአንዲት ሴት ቀሚስ ጫፍ ነጥቆ ሲበር፣ ከባሕር የወጣ አንድ ትልቅ እጅ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ እንኳ ስላልሆነ ማናችንም ማንበብ አንችልም፤ እሱም አይችልም። ታሪኩን ከሽፋኑ ብቻ መገመት ነበረብን። የዚያን ባቡር መጨረሻ ሆሳዕና ውስጥ ስንት ልጅ በየራሱ መንገድ እንደጨረሰው እግዚአብሔር ይወቅ።

ሽፋን ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ይህን ብክድ ሥራዬ ያጋልጠኛል። ከሳይንስ መምህሩ አጉሊ መነጽር ተውሶ አንድ ሽፋን ላይ ያለውን ቀይ ካባ እንድናይ አደረገን፤ ቀይ የመሰለን ሁሉ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ተበተነ። ዓይናችን መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሄደ ይጠይቀናል። ሠዓሊው ለርዕሱ ምን ያህል ሰማይ እንደተወለት በጣቱ ያሳየናል። ከዚያ ልምምዱ ይጀምራል። ሽፋኑን ሰሌዳው ላይ ይሰካና እጃችንን ከዴስክ በታች አድርገን ዝም ብለን እንድናይ ያደርገናል። እርሳስ መንካት የለም። አይተን ስንጠግብ ሽፋኑን ይገለብጠውና «በሉ አሁን» ይላል። በምላጭ በቀረጽነው እርሳስ፣ በድሮ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ልባችን ውስጥ የቀረውን እንስላለን። ላጲስ ክልክል ነው። የተሳሳተ መስመር ካለ አጠገቡ ትክክለኛው ይሰመራል እንጂ አይጠፋም።

እስካሁን የምሠራው በዚሁ ነው። ታክሲ ውስጥ ወይም ባንክ ወረፋ ላይ አንድ ሰው አያለሁ፤ ዓይኔን እነቅልና ወረቀት ላይ አሰፍረዋለሁ። ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ ፎቶ እያዩ ይስላሉ፤ እኔ እንደዚያ አይሆንልኝም።

እወደው ነበር። ሥዕሌን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያዞረው ትንፋሼን እይዝ ነበር። ባልወደው ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

እናቴን ቤት ውስጥ አማ ነው የምንላት፤ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ከሆመቾና ከቦኖሻ ገበያ ገዝታ ሆሳዕና ትሸጣለች። አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። በእኛ አካባቢ ያኔ እንቅርት ብርቅ አልነበረም፤ ማንም ዞሮ አያየውም። ትንሽ ሳለሁ አቅፋኝ ስንተኛ ግንባሬን የማሳርፈው እዚያ ላይ ነበር። ይሞቃል፤ ኮሰረት ኮሰረት ይላል።

አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ነበር። አማ ቀድማ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ ስላላወቀች የክፍላችንን መስኮት ይዛ ቆመች፤ በዓይኗ እኔን ትፈልጋለች። መምህር ሎምባሞ ስለ ክፉ ገጸ ባሕርይ እያስተማረ ነበር። ሽፋን ላይ የክፉው ሰው ክፋት ከመንገድ ማዶ መታወቅ አለበት አለን፤ ሰው መጽሔቱን ገና ሳያነሣ። «ሰውነቱ ላይ አንድ ምልክት ፈልጉ፤ እሱን አጋንኑት» አለ። ምሳሌ ፈለገ። ወደ መስኮቱ ዞር አለ፣ አየ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰ። ያው እኛን እንዳስተማረን፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ።

በጥቂት መስመር አንዲት ጠንቋይ ወጣች። ጥፍሯ የረዘመ፣ ጥርሷ የወላለቀ፣ ከአገጯ ሥር ደግሞ ዱባ የሚያክል እንቅርት። የአማ የሻሽ አስተሳሰር እንኳ አልቀረም። ክፍሉ ሰሌዳውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ በሳቅ አውካካ። አማ ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረው ሲስቁ ሰላምታ መሰላት፤ እሷም ሳቀችላቸው። ከዚያ ሰሌዳውን አየች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። መምህር ሎምባሞ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሥራውን እያየ ፈገግ ብሏል። ከሁሉ የማይወጣልኝ ያ ፈገግታ ነው። ሊያዋርዳት እንኳ አላሰበም። እሷን አላያትም፤ ያየው አንገቷን ነው።

ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። «ጠንቋይዋ» የሚለው ስም ግን ከክፍላችን ወጥቶ ገበያ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አማ አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልላ ነው የምትወጣው፤ ቦኖሻ ፀሐዩ አናት ሲበሳ እንኳ አትፈታውም። ቤት ውስጥም ጠቅልላ መተኛት ጀመረች። ፎቶ የሚባል ነገር አልነሣም አለች፤ በታላቅ እህቴ በአስናቀች ሠርግ ሁሉ ሲሰለፍ እሷ ጓዳ ገባች። ከሻርፑ ሥር ምን እየሆነ እንደነበር ማንም አላየም። መተንፈስ ሲያቅታት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ሻርፑን ፈትቶ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለን። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ቀበርናት።

ከዚያ የሳቅ ቀን በኋላም የእሱ ክፍል እገባ ነበር፤ ወዴት እሄዳለሁ? ሌሎቹ የተሰቀለውን ሽፋን ሲያዩ እኔ የማየው እሱን ሆነ። አፍንጫውን አይቼ እጠግብና አንገቴን ደፍቼ እስለዋለሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

ይህ ሁሉ ልምምድ ምን እንደሚሠራልኝ ያወቅኩት አድጌ ነው። አዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ለልጆች ኮሚክ ሲጀምር ሽፋኑን እንድሠራ ሰጠኝ። ታሪኩ ውስጥ የልጆችን ሳቅ እየሰረቀ በጆንያ የሚያጠራቅም ሽማግሌ አለ። እጄ ሌላ ሰው አልፈለገም። ወደ ግራ የታጠፈ አፍንጫ፣ የጎበጠ ትከሻ፣ ቡናማ ሹራብ፣ የተጨፈነ አንድ ዓይን። አሳታሚው «ይሄ ሰውዬ ያስፈራል፤ እንዳትለውጪው» አለኝ። አልለወጥኩትም። በየእትሙ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት፣ በአህያ አስረገጥኩት፣ ጥርሱን አረገፍኩት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት እጄን የማፍታታው በእሱ ፊት ነበር፤ ከጎን፣ ከሥር፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያለቅስ። ሲያለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን መጻሕፍት ቤት ውስጥ አንድ ቅጂ አነሣሁ፤ ልጆች የሽፋኑን ሽማግሌ ዓይን በእስክሪብቶ በስተውታል። ቀኑን ሙሉ ፊቴ ፈክቶ ዋለ። ይህን የሰማ ሰው ሊያዝንብኝ ይችላል፤ ይዘንብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ራሱ ማየት ነበረበት። ካቻምና ክረምት አስናቀች ከሆሳዕና ደውላ ስለ ሌላ ሌላው ስታወራ ቆይታ፣ «ቲቸር ሎምባሞ እኮ ደክመዋል አሉ። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ዶዮገና ገብተዋል» አለችኝ። ሳያይ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። አዲሱን እትም በፖስታ አሽጌ በዚያው ሳምንት ሆሳዕና ወረድኩ። ለምን እንደመጣሁ ለአስናቀች አልደበቅኳትም።

«ተይው አስቴር። ሽማግሌ ናቸው» አለችኝ።

«አማም እኮ ማርጀት ትችል ነበር» አልኳት።

መናኸሪያ ድረስ ግን ሸኘችኝ።

ዶዮገና ጉም ለብሶ ነበር። ቤቱ ከመንገዱ ወረድ ብሎ በእንሰት ተከቧል፤ በረንዳው ላይ በጎች ዝናብ ተጠልለዋል። ባለቤቱ እትዬ ማርታ የድሮ ተማሪ ነኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው አስገቡኝ። እሱ ብርድ ልብስ ደርቦ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሰውነቱ ሁሉ አልቆ አፍንጫው ብቻ እንዳለ አለ።

«አስቴር ነኝ፣ ቲቸር። ሆሳዕና አምስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ።»

ትንሽ አሰበ። «ግራኟ» አለ።

ግራኝነቴን አስታወሰ። መጽሔቱን ከፖስታው አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ለርዕሱ ቦታ ትተሻል፤ ጎበዝ» አለ። «ዓይን መጀመሪያ አፍንጫው ላይ ነው የሚያርፈው፤ እሱም ልክ ነው። ሰውዬው ግን… ክፋቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ከየት አመጣሽው?»

እትዬ ማርታ ትኩስ ወተት ይዘው ገቡ። በትከሻው ላይ አጮልቀው ሽፋኑን አዩት። ከዚያ እሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ኩባያውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ሽፋኑን እንደገና አየ። አፍንጫውን በእጁ ዳሰሰ። «ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?»

ነገርኩት። መስኮቱን፣ ጠንቋይዋን፣ ገበያውን፣ ሻርፑን፣ ሐኪሙ ያለንን። ለዓመታት በልቤ ያጠናሁት ስለሆነ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አለቀሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላለቀሰም፤ ግራ ተጋብቶ ያየኝ ነበር።

«አላስታውሰውም» አለ። «ሰሌዳ ላይ ስንት ነገር ስለን ስንት ነገር አጥፍተናል። አንቺ ካልሽ አድርጌዋለሁ፤ አትዋሺም። ግን ፊታቸው አልመጣልኝም።» ከመስኮቱ ደፍ ላይ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ዘረጋልኝ። «እስቲ ሳዪልኝ። ይቅርታ የምጠይቀው ማንን እንደሆነ ልወቅ።»

ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ? አሳየዋለሁ አልኩ። በቀረችው ዕድሜው ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር አማ ከፊቱ እንድትቆም አደርጋለሁ። እርሳሱን በግራ እጄ ያዝኩ። ሻርፑን ሣልኩ፤ እጥፋቱን፣ ከጆሮዋ ሥር የምትወትፈውን ጫፍ። በደንብ መጣ። ቅቤ ተሸክማ የዘመመ ትከሻዋን ሣልኩ፤ እሱም መጣ። ወደ ፊቷ ወጣሁ። ዓይኖቿ የአስናቀች ሆኑብኝ። አጠገቡ ደግሜ ሞከርኩ፤ የማንም ያልሆነ ዓይን ወጣ። ወደ አፍንጫዋ ስወርድ እጄ አልጠየቀኝም። ጠዋት ጠዋት በለመደው መንገድ ሄደና ከመሀሉ ወደ ግራ ታጠፈ።

እርሳሱን አስቀመጥኩ። መምህር ሎምባሞ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየ።

«ይሄ የኔ ነው» አለ በቀስታ።

ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወተቱን ሳልቀምስ ተሰናብቼ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ማንን እንደሚጠይቅ አላሳየሁትም። ዓመት ሳይሞላ ሞተ። አስናቀች ለቅሶ ደረሰች፤ እኔ አልሄድኩም።

የአንገቷን ክብር ወሰደ፤ ዕድሜዋን ወሰደ። የቀረኝን ፊቷን ደግሞ በገዛ እጄ አስወሰደኝ። በእሷ ቦታ የተወልኝ የራሱን ፊት ነው። ዛሬም ጠዋት እርሳስ ሳነሣ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ጆንያውን አሸክሜ ጉድጓድ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ልቤ እስኪደርስ አፈር እመልስበታለሁ። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት አወጣና አማን እጀምራለሁ። እስካሁን አልመጣችልኝም።