በሞርሳ ፋንታ

አጎቴ መሰርሰሪያውን ይዞ ከጠረጴዛው ራስ፣ እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ እኔ የእህቴን የሠርግ ሣጥን ሁለት ጣውላዎች በእጄ ጨምቄ ከመካከል ቆመን ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ጣውላ ለመግጠም ሞርሳቸውን ሲያጠብቁ፣ የብረቱ ሲጥታ ወደዚያ ወደ ቡሬው የአጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት መለሰኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሞርሳ ያድርጉበት እንጂ። ብሎኑ በሰያፍ ሲገባ ጣውላውን ይገፋዋል» አለች እናቴ።

«ሞርሳው ነጋዴው ያዘዘኝን ቁምሣጥን ይዟል። ለአንቺ ሣጥን የልጅሽ እጅ ምን አነሰው?»

ጣውላው ተንሸራተተና የብሎኑ ጫፍ መዳፌን ወጋኝ። አጎቴ አስቀድሞ ያየው ጣውላውን ነበር።

«አጣመመችው! እንደ እናቷ ልፍስፍስ!»

እናቴ ሄዳ፣ ሙጫው ካልደረቀው ከነጋዴው ቁምሣጥን ላይ ሞርሳውን ፈታች። መጋጠሚያው ሲላቀቅ ሁላችንም አየን። ሞርሳውን ከአጎቴ ፊት አኖረች፤ እጄን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛኝ ወጣች።