ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ፍለጋ ወደ ሸዋ ሮቢት

ማለዳ፣ ላምበረት

ገና ሳይነጋ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቶቹ «ደሴ! ኮምቦልቻ! ሸዋ ሮቢት!» እያሉ ይጮኻሉ። የናፍጣ ጭስ፣ የሻይ እንፋሎት፣ በማዳበሪያ የታሰረ ዕቃ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ጋሽ ምትኩ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ቆላ ነው የምንወርደው ብዬ በስልክ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሱፍ ለብሰው ከረባት አስረው መጥተዋል።

«ለመጽሐፍ ነው የምንሄደው፤ ለሽንኩርት አይደለም» አሉኝ።

ጋሽ ምትኩ ከመድን ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸውና እኔ፣ ሁለት ሦስት ብጤዎቻችንም ጭምር፣ አንድ የጋራ በሽታ አለብን። የድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንሰበስባለን። ያገኘነውን ሁሉ ግን አይደለም፤ የደራሲያን የሕይወት ታሪክና የወግ መጻሕፍትን ብቻ፣ ያውም የመጀመሪያ እትም የሆኑትን። ሁለተኛ እትም ያመጣህላቸው እንደሆነ ጋሽ ምትኩ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ይመልሱልሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ከውጭ ለሚያየን የተማሩ ሰዎች ጉባኤ እንመስላለን። የምንሠራው ግን መጽሐፉን ማሽተት፣ ጀርባውን መዳበስ፣ የታተመበትን ዓመት በአጉሊ መነጽር ማየት፣ ከዚያም በላስቲክ ጠቅልሎ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ ሰው መጥቶ «ውስጡ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀን። ሁለተኛ አልጠራነውም።

የዚህ ጉዞ ወሬ የመጣው ከአንድ የመጽሐፍ ነጋዴ ነው። ሸዋ ሮቢት አጠገብ የሚኖር መምህር ሰይድ የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። አብሮት ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ መጻሕፍቱን ለእሱ ሰጥቶት ሄደ። መምህሩ ሞቷል፤ መጻሕፍቱ ሚስቱ እጅ ናቸው። ጋሽ ምትኩን ከአልጋቸው ያስነሳቸው ግን ነጋዴው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋት ቃል ነች፤ «አብዛኛው ገጽ አልተከፈተም» አለ።

ይህን ላስረዳ። ድሮ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይታጠፍና ጠርዙ ሳይቆረጥ ይሰፋ ነበር። ስለዚህ ገጾቹ እንደተያያዙ ይመጣሉ፤ አንባቢው በቢላ እየሰነጠቀ ያነባል። ገጾቹ እንደተያያዙ የቀሩበት መጽሐፍ ማለት እንግዲህ ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ነው። በእኛ ዓለም ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ደራሲው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ ጽፎ አንድም ሰው ሳያነበው ከቀረ፣ ያን ጊዜ እኛ እንሻማበታለን።

ረፋድ፣ ከጣርማ በር ወዲህና ወዲያ

ደብረ ብርሃንን አልፈን አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ የጋሽ ምትኩን ቦርሳ ከፈተ። ነጭ ጓንት አወጣ። አጉሊ መነጽር አወጣ። ለስላሳ ብሩሽ አወጣ።

«ሐኪም ኖት?» አላቸው።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ጓንቱ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ መያዣ ነው።»

ፈታሹ ዞር ብሎ ጓደኛውን አየ። «መጽሐፉን አሞታል እንዴ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የእኔ ጓንት ኪሴ ውስጥ ነበር። ጋሽ ምትኩ ግን ጓንታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው በንጉሥ አረማመድ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ።

ጣርማ በር በጉም ተሸፍኗል። ከተራራው ዋሻ ስንወጣ መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ ወደ ታች ይጠማዘዛል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን በሌላው ሙዙን ይዟል። ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ቆሎ ገዛን። ከዚያ በየኩርባው አንድ አንድ ልብስ እየወለቀ ወረድን፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ ኮት። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው፤ ጋሽ ምትኩ ብቻ ከነከረባታቸው።

ቀትር፣ ሸዋ ሮቢት

ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳና ፊት ይመታል። ባጃጆች፣ የተከመረ ማንጎ፣ የጭነት መኪና ሥር የተኙ ሾፌሮች። ከአንድ ሆቴል በረንዳ ላይ የፍየል ጥብስ በላን፤ ፓፓያ ጭማቂም ጠጣን። ጋሽ ምትኩ ጭማቂው ጣታቸውን እንዳይነካ በማንኪያ ጠጡት።

ወደ መምህሩ ቤት የወሰደን ታጁ የሚባል ባለ ባጃጅ ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ።

«የመምህር ሰይድ ቤት? እኔንም አስተምሮኛል፤ አላህ ይርሃመው» አለ። «ምን ልታደርጉ ነው?»

«መጽሐፎቹን ልናይ» አልኩት።

«ልታነቡ?»

ጋሽ ምትኩ «ልናይ» አሉ፣ ረገጥ አድርገው።

ከከተማው ወጥተን በመስኖ ቦይ ዳር በአቧራ መንገድ ሄድን። በአንድ በኩል ማሽላ፣ በሌላው ሽንኩርት። ጭነት የያዙ ግመሎች መንገድ ዘግተውብን ቆምን፤ ግመሎቹ የጋሽ ምትኩን ከረባት ትኩር ብለው አዩ።

ከሰዓት፣ ኒሙ ሥር

እትዬ ፋጡማን ያገኘናቸው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ሠራተኛ ሲቆጣጠሩ ነው። ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ከማሳው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። ታጁ ምን ፈልገን እንደመጣን ሲነግራቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቤታቸው ደጃፍ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር አወጡልን። ከውስጥ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው መጡ።

ሳጥኑ ሲከፈት ጋሽ ምትኩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሁለት መጻሕፍት ናቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው። አንዱ ወፍራም የሕይወት ታሪክ፤ ሌላው ቀጠን ያለ የወግ መድብል። ሁለቱም የመጀመሪያ እትም። ወጉ ከዳር እስከ ዳር አልተከፈተም። የሕይወት ታሪኩ እስከ ግማሹ በጥንቃቄ ተሰንጥቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደተያያዘ ነው። ባለ ታሪኩ የለንደን ወግ ጸሐፊ ነው። ስሙን ብነግራችሁ አታውቁትም፤ እኛም አናውቀውም ነበር።

«ስንት ይሉታል እመቤት?» አሉ ጋሽ ምትኩ ጓንታቸውን እያጠለቁ።

«ብር አላልኩም» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ሰይድ ከቀትር ወዲያ ዐስር ሰላቱን ሰግዶ እዚህ ይቀመጥና ይሄን ወፍራሙን በአማርኛ እያደረገ ይነግረኝ ነበር። እኔ ማሾዬን እለቅማለሁ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ጸሐፊ። ታናሽየው ስለ አባታቸው ሞት ጻፈ፤ ታላቁ ደግሞ በጋዜጣ አላገጠበት። ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። አንድ ከተማ ተቀምጠው፣ ታላቁ በዚህ መንገድ ሲመጣ ታናሹ በዚያ ይዞራል። እዚህ ላይ እንደደረስን ነው ሰይድ የታመመብኝ።»

«ከዚያስ?» አልኩ ሳላስበው።

«ከዚያማ እኔ ነኝ የምጠይቃችሁ! አንድ አስተማሪ ለምኜ መጥቶ ነበር። እንግሊዝኛው ያረጀ ነው ብሎ ሄደ። እናንተ የመጽሐፍ ሰዎች ናችሁ አሉኝ። ታረቁ ወይስ አልታረቁም? እሱን ንገሩኝና መጽሐፉን ውሰዱት።»

ጋሽ ምትኩ መጽሐፉን አነሱ። የተያያዙትን ገጾች በጣታቸው ትንሽ ፈልቀቅ አድርገው፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ አጮለቁ።

«ታርቀዋል» አሉ።

«እንዴት አድርገው?»

«ታላቁ መጥቶ ታናሹ እግር ላይ ወደቀ።»

«ታላቁ? ታናሹ እግር ላይ?»

«ማለቴ... ታናሹ፣ ታላቁ እግር ላይ።»

እትዬ ፋጡማ ወደ ተያያዙት ገጾች ጠቆሙ። «ሰይድ እንኳ፣ ቋንቋውን ያስተምር የነበረው ሰው፣ በምላጭ ከፍቶ ነው ያነበበው። አንቱ ሳይከፈት በየት ገቡ?»

ታጁ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ምትኩ ክንዴን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። «እንዳትነካው!» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከተከፈተ ሞተ ማለት ነው። ሰዎቹ አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው! ቢታረቁ ባይታረቁ ለሴትዮዋ ምኗ ነው? ታርቀዋል በላትና እንሂድ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ከሳቸው ጋር ነበር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ወደ ኒሙ ስንመለስ ግን እትዬ ፋጡማ በሰፌድ ማሾ፣ ያቺን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ አምጥተው፣ ዱሮ ይቀመጡበት የነበረ በሚመስል አቀማመጥ ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ላይ አዲስ ምላጭ፣ ከነወረቀቱ፣ አስቀምጠዋል። ባዶው ወንበር ወደ እኔ ዞሯል።

ተቀመጥኩ። ምላጩን ከወረቀቱ አወጣሁ። ጋሽ ምትኩ «ወይኔ!» አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ። የመጀመሪያው ገጽ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ሰው ተኝቶ እንደሚተነፍሰው።

አነበብኩ፤ ወንድማማቾቹ የሌሉበትን እየዘለልኩ፣ በአማርኛ እያደረግኩ። ይህን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ስሰበስብ ኖሬ ለሰው ጮክ ብዬ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያ አፌ ይይዘኝ ነበር። «ቀስ በል ልጄ፤ ሰይድም ይይዘው ነበር» አሉኝ። ሠራተኞቹ ከማሳው እየወጡ እያለፉን ሄዱ። ታጁ ስልኩ ሲጮህ ዘጋው። ጋሽ ምትኩ እንኳ ወንበራቸውን ጥቂት ጠጋ አደረጉ፤ ፊታቸው ግን ሐዘን ቤት የተቀመጠ ሰው ፊት ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመጨረሻው ደረስን። ታናሹ በጠና ይታመማል። ታላቁ ይሰማና አንድ ማታ በሩ ድረስ ይመጣል። ሠራተኛዋ ተኝቷል ትለዋለች። እንግዲያው አትቀስቅሺው ብሎ ይመለሳል። ታናሹ በማግሥቱ ይሞታል። ታላቁ ስለ ወንድሙ እጅግ ያማረ ወግ ይጽፋል፤ የለንደን ሰው ያለቅሳል፤ ስሙም ከበፊቱ ይልቅ ይገናል።

እትዬ ፋጡማ እጃቸው ማሾው ላይ ቆመ።

«በር ድረስ መጥቶ?»

«አዎ።»

«ቀስቅሱልኝ አላለም?»

«አላለም።»

«ሲሞት ግን አሳምሮ ጻፈ።» ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሰይድ ይታረቃሉ ይል ነበር። እኔ ደግሞ ወላሂ አይታረቁም፣ የዚህ ታላቅ ልቡ ድንጋይ ነው እለዋለሁ። ታሞ እንኳ ሲከራከረኝ ነበር። ቆይ፣ ስነሳ አንብቤ አሳይሻለሁ አለኝ።»

«እንግዲህ እርስዎ ረቱ» አልኩ።

«ረታሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው፣ ያ ማሳ የሚያቋርጠው ድምፅ፣ ዝቅ አለ። «ረታሁ ብዬ ለማን ልንገር?»

በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከመንደሩ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ብድግ አሉና መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱት።

«ይሄን አልሰጥም» አሉ። «ቃሌን አፈረስኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እስከ ዛሬ ጎዶሎ ነበር፤ አሁን የኔ ነው።» ለእኔ ማሾውን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ወደ ጋሽ ምትኩ ዞሩ፤ ቀጭኑን የወግ መጽሐፍ አነሱ።

«አንቱ የሚፈልጉት ማንም ያልነካውን አይደል? ይኸውሎት። ሰይድም አልደረሰበትም። ሳይነኩ ይዘውት ይሂዱ።»

ጋሽ ምትኩ ስድቡ አልገባቸውም። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

በማግሥቱ፣ መልስ

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር ጋሽ ምትኩ የድል አድራጊ ፊት ነበራቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠ የጤፍ ነጋዴ ስለ ወረቀቱ ጥራት፣ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ጠርዙ ድንግልና ነገሩት። ነጋዴው በትዕግሥት ሰማና «ጥሩ መጽሐፍ ነው? ስለ ምንድን ነው?» አለ።

«ወግ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ... ልዩ ልዩ ነገር።»

ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ ተመለሰ፤ ሰው ሁሉ ወደ ኮቱ ገባ። ነጋዴው የጋሽ ምትኩን ጉልበት እያየ «ጋሼ፣ ዱቄት እየፈሰሰብዎት ነው» አላቸው።

እውነትም ከመጽሐፉ ጀርባ ቢጫ ደቃቅ ዱቄት በሱፋቸው ላይ ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስፌቱ አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ብል ነው። ከውጭ ያማረው መጽሐፍ ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ነው።

«ጋሽ ምትኩ፣ ብል ገብቶበታል» አልኳቸው። «አሁኑኑ ከፍተን ብናየው የቀረውን እናተርፍ ነበር።»

መጽሐፉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት፤ ልጅ ሊነጥቃቸው የመጣ ሰው እንዳዩ ሁሉ።

«የዘመን አቧራ ነው» አሉ። «ደግሞስ፣ ለምን ብዬ ነው የምከፍተው?»

ላምበረት ስንደርስ መጽሐፋቸውን ታቅፈው፣ ከረባታቸውን አስተካክለው ቀድመው ወረዱ። የተቀመጡበት ወንበር ላይ አንድ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ቀርቷል። ከወጎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ መሆን አለባቸው። ረዳቱ በመጥረጊያ አራገፋቸውና የሚቀጥሉትን ተሳፋሪዎች መጥራት ጀመረ።