የሩፋኤል ዝናብና የልጄ ጌም

ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ እግሯ ተሰበረ። ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ጭቃ አንሸራትቷት ከጎረቤት ደረጃ ላይ ወደቀች። ደብረ ታቦር ወሰድናት። ሐኪሞቹ ከጉልበቷ በላይ ድረስ በጀሶ አሰሩትና “ሁለት ወር እንዳትረግጪበት” ብለው ወደ ንፋስ መውጫ መለሱን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የንፋስ መውጫ ክረምት ጉሙ ደጃፍ አልፎ ቤት ይገባል። ልጅ ካልሮጠ አይሞቀውም። የእኔ ልጅ ግን መስኮቱ ሥር በዘረጋሁላት አልጋ ላይ ሆና የሌሎቹን ሩጫ ታዳምጥ ነበር።

አባቷ ያኔ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። መሰበሯን ሰምቶ ሲመጣ ከወልዲያ አንድ ያገለገለ ጌም ይዞላት መጣ። ከቴሌቪዥን ጋር በገመድ የሚያያዝ ሳጥን ነው። ካሴቱ ከላይ ይሰካል፤ ከዚያ አንድ ትንሽ ሰውዬ ጉድጓድ እየዘለለ ይሄዳል። እኔ አልወደድሁትም።

“በዚህ ፈንታ ዳዊቷን ብታነብ” አልሁት።

“ዳዊቷንም ታንብብ። ይሄ ጓደኞቿን ለመጥሪያ ነው” አለኝ።

እውነቱን ነበር። በማግስቱ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቤቴም በልጅ ሞላ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ ትመጣለች፤ አፈኛው ወንድሟ ይከተላታል፤ ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ይጨመራሉ። ተራ ይይዛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ተራ የሌላቸው ደግሞ ለእንቁጣጣሽ የሚዘፍኑትን እዚያው አልጋዋ ዙሪያ ይለማመዳሉ። በየዓመቱ ከልጄ ጋር ሆነው ነው ቤት ለቤት የሚዞሩት። ዘንድሮ እንደማትዞር ሁሉም ያውቃል፤ ግን አብራቸው ትለማመድ ነበር። ጭቃቸውን እየጠረግሁ አመሰግን ነበር። ጌሙንም ወደድሁት። ማታ ማታ ዳንቴል አልብሼ አሳድረው ጀመር።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሲዘንብ ልጅ አዋቂ ሳይል ደጅ ወጥቶ ይጠመቃል። ዘነበ። ልጆቹ ጌሙን ትተው እየጮሁ ወደ ውጭ ወጡ። ልጄ አልጋዋ ላይ ቀረች።

“እማ፣ እኔን ሊያልፈኝ ነው?”

“አያልፍሽም።”

ከቆርቆሮ የወረደው እንዳይሆን ሳፋዬን ከግቢው መኻል፣ ከሰማይ በታች አስቀመጥሁት። ሞላልኝ። ጀሶውን በላስቲክ ሸፍኜ ፊቷን፣ ደረቷን፣ እጆቿን ረጨኋት። ሳቀች። በስመ አብ ብዬ የቤቱን አራት ማዕዘን ረጨሁ። ተጠምቀው የገቡትንም ልጆች እንደገና ረጨኋቸው። ከዚያ ዐይኔ ጌሙ ላይ ዐረፈ። ልጆቹን የሰበሰበልኝ እሱ ነው፣ በረከቱ አይለፈው አልሁና በእጄ ሙሉ ዘግኜ ረጨሁት። ካሴቱ እንኳ አልተነቀለም ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እግዚአብሔር ጠበቀን።

መብራቱ በማግስቱ ከቀትር በኋላ መጣ። ልጆቹ ተሰብስበው ጌሙን ከፈቱት። ሥዕሉ ተበላሽቷል። ቀለሙ ጠፍቶ ዐመድ መስሏል፤ መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል። አፈኛው ልጅ ወደ ደጅ ሮጠና የአንቴናውን እንጨት ያሽከረክር ጀመር።

“መጣ?” ይላል ከውጭ።

“አልመጣም!” ይሉታል ከውስጥ።

“አሁንስ?”

“ሰውዬው ሁለት ሆነ!”

“ሁለት ከሆነ ተዉት፣ ይተጋገዛሉ!”

“ጌም ከአንቴና አይመጣም፣ አንተ! በገመድ ነው፤ ግባ!” አለች ልጄ።

ገባ። ካሴቱን እየነቀሉ በየተራ ነፉበት። በነፉበት ቁጥር ባሰበት። በመጨረሻ ሰውዬውም ጠፋ።

“ምን ነክቶት ነው?” አለ ልጁ።

እኔ ጓዳ ነበርሁ። ልጄ “እኔ ነኝ” ስትል ሰማሁ። “ውሃ ስጠጣ ፈሰሰብኝ።”

“እግርሽን መስበርሽ አልበቃ ብሎሽ ጌሙንም ገደልሽው?” አላት። እኅቱ በቡጢ መታችው፤ እሱ ግን አላቆመም። “ውሃ ጠማኝ ብሎሽ ነበር?”

መውጣት ነበረብኝ። ውሃውን የረጨሁት እኔ ነኝ፣ ማለት ነበረብኝ። አልወጣሁም። የሩፋኤል ዝናብ አበላሸው ሲሉ መስማት ፈራሁ። ደግሞም አፈርሁ። ጓዳ ውስጥ ድስት እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ማንም አልመጣም። ልምምዱ ከልብስ ሰፊው ቤት ይሰማን ነበር። ልጄ መስኮቱን እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። ብርድ ነው ብላት “ግድ የለም” አለች። ከፈትሁላት። ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ከሩቅ አብራቸው ዘፈነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣

“እማ፣ ለእንቁጣጣሽ የእኛን ቤት ያልፉት ይሆን?” አለችኝ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄድሁ። ሱቁን ቆልፎ ለበዓል ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ደረስሁበት። አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል።

“ውሃ ነክቶት ነው” አልሁት።

“የካሴቱ ጥርስ ዝጎ ይሆናል። ፀሐይ አስመቺው። ጥርሱን በላጲስ ፈግፍጊው፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጊው። የገመዱንም ጫፍ። ደርቆ ሳያልቅ መብራት እንዳትሰኪበት!” የመጨረሻውን የተናገረው አውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ያችን ትርፍ ቀን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ጠዋት ላይ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጣች። ሳጥኑን፣ ካሴቱንና ገመዱን ሰሌን ላይ አሰጣሁ። ዝናብ ቢመጣ ብዬ ላስቲክ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የንስሐ አባታችን ልጄን ሊጠይቁ ሲመጡ እንዲሁ ተቀምጬ አገኙኝ። ብራና የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ጣታቸው ሁልጊዜ ቀለም ነው።

“ምን እየጠበቅሽ ነው፣ ልጄ?”

“አባ፣ የሩፋኤልን ዝናብ በልጄ ጌም ላይ ረጨሁና ተበላሸ።”

ሳጥኑን ዘወር አድርገው አዩት። “ክርስትና ልታስነሺው ኖሯል?”

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ከባዱን ነገርኋቸው፤ ልጄ ጥፋቱን በራሷ ላይ እንዳደረገች፣ እኔም ሰምቼ ዝም እንዳልሁ። ሳቃቸውን ተዉት።

“ለልጅቱ ነገርሻት?”

“አልነገርኋትም።”

“እንግዲያው ንስሐሽ ሁለት ነው። መጀመሪያ ንገሪያት። ከዚያ ጥረጊው።”

ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። “ጌሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አልኋት።

“አይቼሻለሁ፣ እማ።”

“ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?”

“ጠበል አበላሸው እንዳይሉ። አንቺም እንዳታፍሪ።”

ጠበሉ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አልኋት። ጉልበቷን በጀሶው ላይ ሳምሁት።

ሥራውን ሦስት ሆነን ሠራነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤቴ መርፌ ሲወጉ የሚጠርጉበትን አልኮል በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ጥጥ ከመፍተያ መሶቤ አወጣሁ፤ ጥርሶቹ መኻል ጣት ስለማይገባ ጥጡን በስንደዶ ጫፍ ላይ ጠመጠምሁት። ልጄ በትምህርት ቤት ላጲሷ የካሴቱን ጥርስ ፈገፈገች። ጥቁሩ ለቆ ወርቅማው ታየ። እኔ ተከትዬ ጠረግሁ። ጥጡ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ እጥላለሁ፣ ሌላ እጠመጥማለሁ። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ከሥራው በላይ ያዙልኝ፤ ጥርሶቹ ጎልተው ታዩኝ።

“ቀስ” ይላሉ። “ብራና ላይ የተሳሳትሁትን ፊደል ስፍቅ፣ ቆዳው እንዳይበሳ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንቺም ያዢ።”

“አባ፣ እርስዎም ይሳሳታሉ?” አለች ልጄ።

“ባልሳሳት ኖሮ መፋቂያ ቢላዋ ምን ያደርግልኛል?”

የገመዱ ቢጫ ጫፍ ከሁሉ የባሰ ነበር፤ ዝገቱ እንደ ሽበት ወርዶበታል። እስኪያበራ ድረስ ጠረግሁት። ከዚያ ሁሉንም እንደገና ፀሐይ ላይ መለስነው። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሳጥኑን ወዘወዝሁት፣ አሸተትሁት፣ በጉንጬ ነካሁት። ደርቋል።

ሰካነው። መጀመሪያ ጨለማ ነበር። ልጄ ካሴቱን ነቅላ ቀስ ብላ መለሰችው። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ሰውዬው ብቅ አለ።

“አንድ ነው!” ብላ ጮኸች። “እማ፣ አንድ ነው!”

ቀለሙም ተመለሰ። ከታች በኩል አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ቀረች፤ ብንጠርግ ብንጠርግ አልሄደችም። “ይህቺ የሩፋኤል ናት፣ ትቅር” አለች ልጄ። አባ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ያያሉ። ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ “እግዚኦ!” አሉና በራሳቸው ሳቁ።

እሳቸውን ከሸኘሁ በኋላ “ሄጄ ልጆቹን ልጥራልሽ?” አልኋት።

“አትጥሪያቸው። ዳንቴሉን አልብሽው።”

“ለምን?”

“ለእሱ ብቻ ከሆነ የሚመጡት ልወቅ።”

አለበስሁት።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ማታ ጠጉሯን የሠራሁላት ልጄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በመስኮቱ ታያለች። ዘፈኑ ከልብስ ሰፊው ግቢ ተነሣ። ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ። ከዚያ ወደ እኛ በር ቀረበ፣ ቀረበ፣ አለፈ። ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ።

“አለፉ” አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ እጇ ግን ቀሚሷን ጨብጧል። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዳቦውን አልቆረስሁም።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ የጎማ ድምፅ መጣ። አፈኛው ልጅ የእጅ ጋሪ እየገፋ ገባ። ጋሪው በአባቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ዳር ዳሩ ዐደይ አበባ ተሰክቶበታል። ሴቶቹ ከኋላው ናቸው።

“ላይኛው ሰፈር ያለው የጋሪው ጌታ እንቢ ብሎ ነው ያቆየን” አለ። “ነይ ውጪ፤ ሁለት ቤት ቀርቶብሻል።”

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ልጆቹን አየኋቸው።

“ጌሙ ላይ ውሃ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ” አልሁ። “እሷ አይደለችም።”

“እትዬ፣ እርስዎ?” አለ ልጁ።

“እኔ። ስረጭ።”

አሰበና፣ “እኔንም እኮ ረጭተውኛል፤ እኔ ግን አልተበላሸሁም!” አለ።

“የአንተማ ሥዕል ድሮም የተበላሸ ነው!” አለችው እኅቱ።

እየሳቁ ጋሪው ላይ አወጧት። ጀሶውን በላስቲክ ጠቀለልሁላት። ደጁ ጋ ሲደርሱ ልጄ ዞረችና፣

“እማ፣ ስንመለስ ዳንቴሉን ግለጭው” አለችኝ።

“ሥሩ ምን አለ?” ይላታል ልጁ፤ አልነገረችውም።

ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። እኔ ዳቦውን ቆርሼ ስፌቱ ላይ ደረደርሁት። ዳንቴሉን አንሥቼ አጠፍሁት። ከዚያ ደጃፌ ላይ ቆምሁ። ከዘፈኑ መኻል የእሷን ድምፅ ለየሁት። ተመስገን አልሁ።