ሂናውን ያጠፋው ካሜራ

አዲስ ካሜራ ሁሉ ማታለያ ነው ብዬ ስለማምን፣ ብርሃን ተቀባዩን ሴንሰር የሚሸፍነው መስታወት የሻገተበትን አሮጌ ካሜራዬን ደሴ ላለ ሞባይል ሠሪ ሰጠሁት። ሠሪው የሻገተውን አንስቶ ከደህንነት ካሜራ የፈታውን ጥቁር መስታወት ገጠመለትና «ወላሂ፣ ከአዲስ ይበልጣል!» አለኝ።

እሱን አምኜ ኮምቦልቻ የእህቴን ልጅ ሠርግ አነሳሁ። ሌላ ፎቶ አንሺ እንዳይጠራ የከለከልኩትም እኔው ነኝ። ለካ ያ ጥቁር መስታወት ለሌሊት የተሠራ፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ኖሯል፤ ፎቶዎቹ ሲታዩ ዛፎቹ በረዶ የጣለባቸው ይመስላሉ፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። ሙሽራዋ ግማሽ ቀን ተቀምጣ እጇ ላይ ያሳለችው ሂና ግን ጭራሽ የለም።

«አጎቴ፣ ሂናዬን የት አደረሱት?» አለችኝ።

«እጅሽ እኮ ያለ ሂናም ያምራል።»

«እርስዎም ያለ ካሜራ ያምራሉ» ብላ ካሜራዬን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።