ሞታለች የተባልኩት ዘፋኝ

ዛሬ ለራሴ ሞት «አሚን» አልኩ።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ስገባ ባለሱቋ በስልኳ ቃለ መጠይቅ ታዳምጣለች። የሚናገረው ሰይድ ነው። ድሮ እሱ ጊታር እየመታ፣ እኔ በገዛ ግጥሜ እየዘፈንኩ፣ ኮምቦልቻ ላይ ካሴት ቀድተናል።

ጋዜጠኛው «ዘፋኟ የት ናት?» አለው።

«ሞታለች፤ አላህ ይዘንላት።»

ባለሱቋ «አሚን» ስትል እኔም ከአፌ ወጣ። የሞተችው እኔ መሆኔ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። «አንተ ሰይድ፣ መቼ ቀበርከኝ?»

«ወላሂ ዘሃራዬ፣ ለክፋት አይደለም። አለች ብላቸው ስልክሽን ይጠይቁኛል። ግጥሙን ደግሞ የኔ ነው ብያቸዋለሁ።»

(ሰደቃዬን እንኳን ሳያበላ!)

ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር። ግጥሙን በቃሌ ስነግረው ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው እሱ ነበር። አምኜው ነበር፤ ከወንድሜ አልለየውም ነበር።

አሁን ግን በስተርጅናም ቢሆን ተምሬያለሁ። ይሄን የጻፍኩት በራሴ ጣት ነው፦ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ፣ በሕይወት አለሁ። ግጥሙም የኔ ነው።

እናንተስ፣ ቆማችሁ እየሄዳችሁ ሞተዋል ብሎ የቀበራችሁ ወዳጅ አለ? ጻፉልኝ። ቀስ እያልኩ ሁሉንም አነባለሁ።