የተቃጠለው ማፊንና ግራ ጎኔ

ግማሽ ፊቴ ሲሞት እኔ ቀልድ ላይ ነበርኩ። ሞኝነቴን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። የግራ ከንፈሬ ከብዶ ወደ ታች ሲወርድ ተሰምቶኛል። ግን ሚስቴ ወይንሸት ፊቴን አይታ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ደግሞ እኔ ማቆም አልችልም፤ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር የቆየሁት በሌላ ሙያ አይደለም። ስለዚህ የወረደውን ከንፈር ይባስ አወረድኩትና ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ መካኒሳ አቦ ቤታችን ውስጥ። ማፊን እየጋገርኩ ነበር። ወይንሸት የሰፈራችን ካፌ የሚሸጠው ማፊን አንሶ አንሶ የጠርሙስ ክዳን አክሏል ብላ ስታማርር፣ የእኔን ከቀመስሽ ካፌው ይዘጋል ብዬ ፎክሬ ነበር። ለቡ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ ትንሽዬ ኦቨን ከዚያው አመጣሁ። ፉርኖ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ እንቁላሉን ስልኬ ላይ አንዲት ፈረንጅ እንዳሳየችኝ ለካሁና የመጀመሪያውን ዙር ኦቨን ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ፈረንጇን ሆኜ ለወይንሸት ማስተማር ጀመርኩ። ከንፈሬ የወረደው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ አፌ ተኮላተፈ። አሁንም ሳቀች። ማንኪያው ከግራ እጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ራሴን ወለሉ ላይ አገኘሁት።

ያኔ ሳቋን አቆመች።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሮጠው መጡ። አዩኝና ምርመራቸውን እዚያው ጨረሱ። ከእሳት ሙቀት ጋር ቆይቶ በበር የገባ ንፋስ አግኝቶታል፣ ምች ነው አሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም በሌላ ሰው ላይ ባየው ያንኑ ነበር የምለው። ዳማከሴ ከጓሮ ተቀጠፈ፣ ታሸ፣ ፊቴ ላይ ተቀባ፣ በአፍንጫዬም ገባ። ጋቢ ደረቡብኝ። እስኪያልበኝ ተጠበቀ። ወይንሸት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ በተኮላተፈ አፌ፣ ለምች ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል አልኩ።

ማፊኖቹን ማንም አላስታወሳቸውም። ጭሱ መኝታ ቤት ድረስ ሲገባ ነው እትዬ ብርቄ ሮጠው ኦቨኑን የነቀሉት። አሥራ ሁለት ጥቁር ድንጋይ።

ላበት አልመጣም። እጄም አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይንሸት ማንንም መጠየቅ ትታ መኪና ጠራች።

የድንገተኛ ክፍሉ ዶክተር ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው።

«ፈገግ ይበሉ፣ ጋሼ።»

ፈገግ አልኩ። ግማሼ ብቻ ነው ፈገግ ያለው።

«ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ።»

አንዱ ተነሳ።

ከዚያ ወደ ወይንሸት ዞረ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው?»

«አራት ሰዓት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ» አለች። «ስስቅበት ነበር።»

ዶክተሩ ጻፈ። እሱ የጻፈው ሰዓቱን ብቻ ነው። የቀረውን እሷ ይዛው ቀረች።

ሲቲ ስካን ተነሳሁ። የረጋ ደም በአንጎሌ ቀኝ በኩል አንድ የደም ሥር ዘግቷል። ስትሮክ ነው አለ። ወዲያው ብትመጡ ኖሮ የምንሞክረው መድኃኒት ነበር፣ አሁን ግን ሰዓቱ አልፏል አለ። ሳይቆጣ ነው የነገረን። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የግፊት መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ። አምሎዲፒን ታዞልኝ ነበር፤ ራሴን አላመመኝም ብዬ ከሦስት ወር በፊት አቁሜዋለሁ። ይሄ እንግዲህ ሁለተኛው ሞኝነቴ ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፣ ለወይንሸትም። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ስናገር ሰማችው።

አሥራ አንድ ቀን ተኝቼ ወጣሁ። ቤት ስንገባ የተቃጠለው ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። መጋረጃው ታጠበ፣ ግድግዳው ተወለወለ፣ ኦቨኑ በሎሚ ተፈተገ። ወይንሸት ምንም አይሸትም ትላለች። እኔ ግን ጠዋት ስነቃ ይሸተኛል፣ ይሸተኝና እጄን አስቀድሜ እፈልገዋለሁ። ጎኔ ተኝቶ አገኘዋለሁ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ።

ከእጄ ይልቅ የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ወይንሸት መሳቅ ተወች። በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና «ፈገግ በል» ትለኛለች። ፈገግ እላለሁ። ሐሰተኛ ብር እንደሚመረምር የባንክ ሠራተኛ ከንፈሬን ግራና ቀኝ ታየዋለች፤ ከዚያ ቁርስ ታቀርባለች። ቀልድ ሳወራላት የምታየው ቀልዱን አይደለም፣ የከንፈሬን ጠርዝ ነው። ሰውዬው ድኗል ይባላል፣ ታማሚው ግን ቤቱ ውስጥ አለ፤ ያ ታማሚ እሷ ነበረች፣ ያሳመምኳትም እኔ።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ፣ ጋሼ፣ ይሄን እጅ ሥራ ካልሰጡት ሥራ ይለቃል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ምን ዓይነት ሥራ ስላት፣ የጀመሩት ሥራ ካለ እሱን ይጨርሱ አለች። የጀመርኩት ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወይንሸት ኦቨኑን ከአልጋ ሥር ሳወጣ ስታየኝ ወንበር አምጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ።

በሁለተኛው ዙር የረታኝ እንቁላል ነው። ግራ እጄ ወይ አይዘውም፣ ወይ እንደ ጠላት ያንቀዋል። ስድስት እንቁላል ሰብሬ ሊጡ ውስጥ ከገባው አስኳል የገባው ቅርፊት በለጠ፤ ስንበላው እንደ አሸዋ ጥርሳችን ውስጥ ተንቀጫቀጨ። በሦስተኛው እንቁላሉ ተሳካልኝ፣ ማፊኑም እንደ ጉልላት ተነፋ፤ ገና በሩን ከመክፈቴ አሥራ ሁለቱም አንድ ላይ እምብርታቸው ወደ ውስጥ ገባ። በአራተኛው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሶኬት ሸጬ የምኖር ሰው፣ ጨለማ ኦቨን ፊት ለፊት ተቀምጬ ሊጥ ሲሞት አየሁ። ደህና ጊዜ ቢሆን ወይንሸት በዚህ ሳምንት ሙሉ ትስቅብኝ ነበር።

አልሳቀችም። እኔም ያን ቀን ሦስተኛውን ሞኝነት ሠራሁ፣ ትልቁን። ላስቃት ብዬ ወደ እሷ ዞርኩና የግራ ከንፈሬን ሆን ብዬ ወደ ታች ጣልኩት። የዚያን ቅዳሜ ፊት አመጣሁላት።

አልጮኸችም። ወንበሩ ተገለበጠ። ነጠላ ጫማዋን ሳታደርግ ወጥታ አስፋልቱ መሃል ቆመች። ሚኒባስ ታክሲ በደረቷ አስቆመች። ሰው የሞላው ታክሲ። እኔ እግሬን እየጎተትኩ ስደርስባት ረዳቱን ሰዎቹን አውርድልኝ፣ ባሌ ሞተ እያለችው ነበር። ቀልድ ነው አልኳት። በሰው ሁሉ ፊት ቀልድ ነው አልኩ።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በየጠዋቱ ግን መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አፏን ሳትከፍት በዓይኗ ፈገግ በል ትለኛለች፣ እኔም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ቀልዱን ትቼ ሥራውን ያዝኩ። ስለሚሰምጠው ማፊን ለፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ስነግራት ሳቀችና፣ ጋሼ፣ አዲስ አበባ እኮ ተራራ ላይ ናት፣ የእርስዎ ፈረንጅ ከባሕር አጠገብ ነው የምትኖረው፤ እዚህ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ይቀንሱ አለችኝ። ቀነስኩ። ኦቨኑ ባረፈበት ባዘመመው ጠረጴዛ እግር ሥር ካርቶን አጥፌ ሸጎጥኩ። ጣቶቼ አንድ በአንድ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ እስከ ዛሬ አርፋጆች ናቸው፣ ቢሆንም እንቁላል ይዘው አይጥሉም። በሰባተኛው ዙር፣ ከታመምኩ በሰባተኛው ወር ማለት ነው፣ አሥራ አንድ ማፊን ቀጥ ብሎ፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አሥራ ሁለተኛው ግራ ጎኑ ተንሸራቶ ከወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ልደብቀው ስል ወይንሸት ከወንበሯ ተነሳች።

እሷ ያለችኝን ከመንገሬ በፊት፣ ይሄን የምታነቡት ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስላለ ወይም እናንተው ስለሆናችሁ ከሆነ፣ አደራዬን ስሙኝ። ከንፈር በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ አፍ ከተኮላተፈ ሰዓት አይታችሁ ውጡ። ምች ይሁን አይሁን ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ ዳማከሴው ጓሮ አለ፣ የትም አይሄድም። የግፊት ኪኒናችሁን ደህና ነኝ ብላችሁ አትተዉ፣ ደህና ያደረጋችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። አስታማሚዋንም አንድ ሰው እንዴት ነሽ ይበላት። ፈጣሪ ይመስገን፤ ያን ወጣት ዶክተር፣ ፊዚዮቴራፒስቷን፣ ባዶ እግሯን የቆመች ሴት ሳይሰድቡ የታገሱ የታክሲ ተሳፋሪዎችን አመሰግናለሁ። እትዬ ብርቄንም፤ ዛሬም ሲያዩኝ ዓይናቸው መሬት ይወርዳል፣ ማፊን ስልክላቸው ግን ሳህኑ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ሽታውም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ይመጣል፣ እጄን አነሳለሁ፣ ይሄዳል።

ወይንሸት ያን ቀን አሥራ አንዱን ቀጥ ያሉ ማፊኖች አልፋ ጠማማውን አነሳችው። በፊቴ ልክ አድርጋ ያዘችው። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ፈገግ በል» አለችው፣ ማፊኑን።

ጠበቀች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። መሃሉ ላይ ዓይኗ እንደ ልማዱ ሾልኮ ወደ ከንፈሬ መጣ፣ ግራና ቀኙን አይቶ ወደ ማፊኑ ተመለሰ።

«ይሄ ምች አይደለም» አለችኝ። «ቶሎ በል፣ መኪና ጥራ።»